«ብሩን ከሰከሰው» ማለት ምን ማለት ነው?

«ብሩን ከሰከሰው» ሲባል ጠፋበት ነው ወይስ አወጣው ብለህ ለጠየቅኸው፦ አወጣው ነው። ግን ዝም ብሎ ማውጣት አይደለም። ሳይሰስት፣ በብዛት፣ አንዳንዴም ሰው እያየለት።

የቃሉ መነሻ መሰባበር ነው። «አውሮፕላኑ ተከሰከሰ» የምንለውም ከዚሁ ነው። ስለዚህ ለትንሽ ወጪ አይሆንም። የታክሲ ከፍሎ «ከሰከስኩ» የሚል ካለ እየቀለደ ነው።

ከ«አባከነ» ጋር አታምታታው። ማባከን ቁርጥ ያለ ወቀሳ ነው። መከስከስ ግን እንደ ተናጋሪው ድምፅ ነው። «ለሰርጉ ከሰከሰው እኮ!» ብትል አድናቆትም ሊሆን ይችላል፣ ሐሜትም (እኔ ስሰማው ባብዛኛው ሐሜት ነው)። ለመሥሪያ ቤት ሪፖርት ስትጽፍ ግን አደራህን፣ «ወጪ ተደርጓል» በል።