ሄፓታይተስ ቢ አለብኝ፤ ልጄን ላጥባው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነሽ፤ በእርግዝና ክትትል ላይ ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ እንዳለብሽ ተነግሮሻል። ሰዎች ደግሞ «ወተትሽ ልጁን ይበክለዋል፤ ከአሁኑ የዱቄት ወተት አዘጋጂ» እያሉ እንቅልፍ ነስተውሻል። እኔም ከዚሁ ቫይረስ ጋር የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሁለቱንም ጡት አጥብቼ አሳድጌአለሁ፤ ሁለቱም ተመርምረው ነፃ ናቸው። አዎ፣ ማጥባት ትችያለሽ።

የሰዎቹ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ቫይረሱ በደምና በሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋል ሲባል ወተትም ፈሳሽ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ በወተት ውስጥ የቫይረሱ ምልክት የታየባቸው ምርመራዎችም አሉ። ይሁን እንጂ በወቅቱ የተከተቡ ሕፃናት ሲነጻጸሩ፣ ጡት የጠቡት ካልጠቡት ይበልጥ በቫይረሱ ተይዘው አልተገኙም። የዓለም ጤና ድርጅትም ሄፓታይተስ ቢ ያለባት እናት ልጇን እንድታጠባ ይመክራል።

አደጋው ያለው ወሊድ ላይ ነው፤ እባክሽ ጭንቀትሽን ሁሉ ወደዚያ አዙሪው። ሕፃኑ በምጥና በወሊድ ጊዜ ከእናቱ ደም ጋር ይነካካል፤ ቫይረሱም በአብዛኛው የሚሻገረው በዚያን ሰዓት ነው። ጤነኛ አዋቂ ሰው ሲያዝ ብዙውን ጊዜ ሰውነቱ ቫይረሱን ያስወግደዋል፤ በሽታው ሥር የሚሰድበት ከ100 ሰው ከ5 ባነሰው ላይ ነው። ጨቅላ ሕፃን ግን ከተያዘ፣ ከ100 ወደ 90 በሚሆኑት ላይ ሥር ይሰድና ከዓመታት በኋላ እስከ ጉበት ካንሰር ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ቶሎ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፣ መሰጠት አለበት። ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለው የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል በሚገኝበት ቦታ ደግሞ በ12 ሰዓት ውስጥ በሌላኛው ጭን ይወጋል።

ይህን እስከ ወሊድሽ ቀን ድረስ አታቆዪው። የምትወልጂበት ተቋም ክትባቱ እንዳለው፣ ሌሊትና በዓል ቀንም እንደሚሰጥ አሁኑኑ ጠይቂ። ውጤትሽ በክትትል ካርድሽ ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ ምጥ ይዞሽ ስትገቢም ለአዋላጇ በአፍሽ ንገሪያት፤ አብሮሽ የሚሆነው ሰውም ይወቅ። እኔ ሁለተኛዋን የወለድኩት ሌሊት ነበር። «ክትባቱ ሲነጋ ይደርሳል» ሲሉኝ ባለቤቴ ካርዱን ይዞ ቆመና አሁን ይሰጣት አለ። አዋላጇ ጭኗን ስትወጋት ልጄ ጡቴን ይዛ ነበር፤ አንዴ ጮኸችና ተመልሳ መጥባት ጀመረች። ለማጥባት ክትባቱን መጠበቅ አያስፈልግምና እንገሩን አትንፈጊው።

ሌላ ዛሬ ነገ የማይባል ነገር የደምሽ የቫይረስ መጠን ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 200,000 ዓለም አቀፍ ዩኒትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከ28ኛው የእርግዝና ሳምንት ጀምሮ ቴኖፎቪር የሚባል መድኃኒት ይሰጣል፤ ወደ ልጁ የሚሻገረውን ቫይረስ በጣም ይቀንሰዋል። አንቺ ያንን ሳምንት ስላለፍሽ ሐኪምሽን በዚህ ሳምንት አግኚው። መድኃኒቱን ብትጀምሪም ወደ ወተት የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ማጥባትን አይከለክልም። በራስሽ ፈቃድ ግን አታቋርጪው፤ በድንገት ሲቆም ጉበት ሊቆጣ ይችላል።

የጡት ጫፍ መሰንጠቅ ብዙዎቻችንን ያስፈራናል። መነሻው ብዙውን ጊዜ አያያዙ ነው፤ ሕፃኑ ጫፉን ብቻ ሲይዝ ያቆስላል። አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠብቂ፤ አገጩ ጡትሽን ይንካ፤ በጫፉ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክብ አብዛኛው አፉ ውስጥ ይግባ። ካመመሽ ትንሿን ጣትሽን በከንፈሩ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂውና እንደገና አስይዢው። እኔ ደም ባየሁበት ጊዜ እስኪድን በሌላኛው ጡት አጠባሁ፤ የቆሰለውን እያለብኩ ደፋሁት።

ደግሞ የሌላ ቫይረስ ምክር ከዚህ ጋር አይደባለቅብሽ። ሄፓታይተስ ሲ ያለባት እናት ታጠባለች፤ ጫፉ ተሰንጥቆ ሲደማ ግን እስኪድን ታቆማለች። ኤችአይቪ ያለባት እናት ደግሞ የራስዋን መድኃኒት ሳታቋርጥ፣ ለልጁም መከላከያ እየተሰጠው፣ በሐኪም ክትትል ነው የምታጠባው።

ከወሊድ በኋላ የቀሩት የክትባት ቀጠሮዎች አንዱም አይለፍ፤ የመጀመሪያው መርፌ ብቻውን አይበቃም። ባለቤትሽና ትልልቅ ልጆች ካሉሽ እነሱም ይመርመሩ፤ ነፃ የሆነ ይከተብ። ሕፃኑ የሚመረመረው ክትባቱን ከጨረሰ በኋላ፣ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚወጣ ውጤት ሊያሳስት ስለሚችል አትቸኩዪ። ሁለት ነገር ይታያል፤ ቫይረሱ አለመኖሩና ክትባቱ መከላከያ ማፍራቱ። ቫይረሱ ሳይኖርበት መከላከያው አነስተኛ ሆኖ ከተገኘ ክትባቱ ይደገምለታል።