ስኪፍል ለብሪታንያ ሮክ ምን አወረሰ? ጥያቄና መልስ

በጊታር፣ በባንጆና ከቤት በተገኙ ዕቃዎች ይጫወቱት ስለነበረው የብሪታንያ የስኪፍል ሙዚቃና ከእሱ በኋላ ስለመጡት የሮክ ሙዚቀኞች ጥያቄ ለመቀበል ፈቃደኛ መሆኔን ካስታወቅሁ ወዲህ በርካታ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ተመሳሳዮቹን አጣምሬ፣ ረዘም ያሉትን አሳጥሬ በየተራ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስኪፍል የእንግሊዞች ነው ሲባልም የጥቁር አሜሪካውያን ነው ሲባልም እሰማለሁ። ትክክሉ የትኛው ነው?

መልስ፦ ስሙም አብዛኞቹ ዘፈኖችም ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፤ በ1950ዎቹ የገነነው አጨዋወት ግን መልኩን የያዘው ብሪታንያ ውስጥ ነው። በ1920ዎቹ በአሜሪካ ከተሞች ይኖሩ የነበሩ ጥቁሮች የቤት ኪራይ የሚከፍሉት ሲያጡ ቤታቸው ድግስ አሰናድተው ከታዳሚው ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር። ስኪፍል የሚለው ስም በእነዚህ ድግሶች ላይ ይሰማ ከነበረው ሙዚቃ ጋር የተያያዘ ሲሆን በ1929 በወጣ ሸክላ ላይም ሰፍሮ ይገኛል። ወደ ለንደን ያመጡት የኒው ኦርሊንስን ጥንታዊ ጃዝ እንደ ሃይማኖት የያዙ ወጣቶች ናቸው። ከእነሱ ዋነኛው ትራምፔት ነፊው ኬን ኮሊየር በመርከብ ሠራተኝነት ተጉዞ ኒው ኦርሊንስ ደረሰ፤ በዕድሜ ከገፉት የከተማዋ ሙዚቀኞች ጋር ተጫወተ፤ የቪዛው ጊዜ አልፎበት ታሰረና በ1953 ወደ አገሩ ተመለሰ። የኮሊየር ባንድ ጃዙን አቋርጦ እረፍት በሚያደርግበት ሰዓት ጥቂት አባላት ጊታርና ባንጆ ይዘው የጥቁር አሜሪካዊውን ዘፋኝ የሌድ ቤሊን ዓይነት ዘፈኖች ይጫወቱ ነበር። ለዚህ የእረፍት ሰዓት ጨዋታ ስኪፍል የሚለውን ስም ያወጣለት የኬን ወንድም ቢል ኮሊየር ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የእረፍት ሰዓት ጨዋታ እንዴት ሆኖ አገር አዳረሰ?

መልስ፦ በአንድ ሸክላ ነው። በ1954 የኮሊየር ባንድ ተከፈለና ትሮምቦን ነፊው ክሪስ ባርበር የራሱን ባንድ መሠረተ፤ ባንጆ ተጫዋቹ ሎኒ ዶኔጋንም አብሮት ሄደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የዴካ ሸክላ ኩባንያ ስቱዲዮ ገብተው የጃዝ አልበም ሲቀርጹ፣ ዶኔጋን ጊታር ይዞ «ሮክ አይላንድ ላይን» የተባለውን ዘፈን ዘፈነ። ባርበር ራሱ ትሮምቦኑን አስቀምጦ ደብል ቤዝ (ወፍራም ድምፅ ያለውን ትልቅ የክር መሣሪያ) ያዘ፤ ቤሪል ብራይደን የተባለችው ድምፃዊት ደግሞ ልብስ የሚታሽበትን ሸንተረራም ሰሌዳ እየፋቀች ምቱን ጠበቀች። ከበሮም ፒያኖም የለበትም።

ዘፈኑን ላልሰማው ሰው ሁኔታውን ልግለጽ። ዶኔጋን በመጀመሪያ አይዘፍንም፤ ያወራል። የባቡር ነጂው ቀረጥ ተቀባዩን ያታልላል፦ የጫንኩት እንስሳት ብቻ ነው ብሎ ያልፍና በሩን ከተሻገረ በኋላ የጫነው ብረት መሆኑን እየጮኸ ይነግረዋል። ከዚህ በኋላ ሙዚቃው እንደሚጓዘው ባቡር ቀስ ብሎ ይነሣና እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄዶ በመጨረሻ ዘፋኙ ቃላቱን በውል የማይለይበት ጩኸት ላይ ይደርሳል። ድምፁ ያልተሞረደ፣ በአፍንጫ የሚወጣና ችኩል ነው። በዚያን ጊዜ የብሪታንያ ራዲዮ ያሰማ የነበረው በትልቅ ኦርኬስትራ የታጀበ ለስላሳ ዘፈን ስለነበር ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማል።

ዴካ ዘፈኑን ለብቻው ያወጣው በ1955 መጨረሻ ነው። በ1956 በብሪታንያም በአሜሪካም ከአሥሮቹ ከፍተኛ ሽያጭ ካላቸው ሸክላዎች ተርታ ገባ። ብሪታንያዊ ወጣት የአሜሪካን ዘፈን መልሶ ለአሜሪካውያን መሸጡ እንግዳ ነገር ነበር። ዶኔጋን ራሱ ግን ለቀረጻው ያገኘው የአንድ ቀን የሥራ ክፍያ ብቻ እንጂ ከሽያጩ ድርሻ አልነበረውም።

ጥያቄ፦ ዘፈኑን ሰምተው ስኪፍል መጫወት የጀመሩት ድሃ ልጆች መሣሪያውን በምን ገዙት?

መልስ፦ አብዛኛውን አልገዙትም፤ ከቤት አነሡት። የልብስ ማሻው ሰሌዳ ከእናት ይወሰዳል፤ ተጫዋቹ ልብስ ሰፊ መርፌ እንዳይወጋው የሚያጠልቀውን የብረት ቆብ በጣቶቹ ላይ አድርጎ ሰሌዳውን ይፍቃል። ቤዙ የሚሠራው የሻይ ቅጠል ተሞልቶበት ከሚመጣ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው። ሳጥኑ ተደፍቶ መካከሉ ይበሳና ሲባጎ ይታሰርበታል፤ የሲባጎው ሌላ ጫፍ በመጥረጊያ እንጨት አናት ላይ ይቋጠራል። እንጨቱ የሳጥኑ ጠርዝ ላይ ቆሞ ወደ ውጭ ሲገፋ ሲባጎው ይወጠርና ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲለቀቅ ይወፍራል። እንደ ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ነው ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ደጋን የለውም፣ በጣት ነው የሚመታው። ትክክለኛ ኖታ ማውጣት እጅግ ያስቸግራል፤ ይሁን እንጂ ከኋላ የሚሰማው ዱም ዱም ለዳንስ ይበቃል።

መገዛት ያለበት ጊታሩ ብቻ ነበር። ብሪታንያ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ስለነበረባት ከ1951 እስከ 1959 የአሜሪካ የሙዚቃ መሣሪያ እንዳይገባ ገደብ ጥላ ነበር፤ ስለዚህ ልጆቹ የሚያገኙት ከአውሮፓና ከሌሎች አገሮች የመጣ ርካሽ ጊታር ነው፤ ያንንም ብዙዎቹ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየከፈሉ ነበር የወሰዱት። የጆን ሌነን ጊታር ደቡብ አፍሪካ የተሠራ ጋሎቶን ሲሆን «እንደማይሰነጠቅ ዋስትና ያለው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ነበር። ሦስት ኮርድ (በአንድነት የሚመቱ ድምፆች ስብስብ) የሚያውቅ ልጅ የስኪፍልን ዘፈኖች አብዛኛውን መጫወት ይችላል። በ1957 አገሪቱ ውስጥ ከ30,000 እስከ 50,000 የሚደርሱ የስኪፍል ቡድኖች እንደነበሩ ይገመታል።

ጥያቄ፦ ቢትልስ የስኪፍል ቡድን ነበሩ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ከእነሱ በፊት የነበረው ቡድን በትክክል የስኪፍል ቡድን ነበር። ጆን ሌነን በ1956 መጨረሻ ገደማ ከኳሪ ባንክ ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ኳሪመንን አቋቋመ፤ የልብስ ማሻ ሰሌዳም የሻይ ሳጥን ቤዝም ነበራቸው። ሌነን ኮርድ የተማረው ባንጆ ከምትጫወተው እናቱ ከጁሊያ ስለነበር ጊታሩንም በመጀመሪያ በባንጆ ቅኝት ነበር የሚመታው። ሐምሌ 6 ቀን 1957 በሊቨርፑል ዉልተን ሰፈር፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ዓመታዊ ዝግጅት ላይ ሲጫወቱ ፖል ማካርትኒ ሊያያቸው መጣ። በዚያ ቀን ምሽት አንድ ወጣት በቴፕ የቀረጸው ድምፅ ተገኝቶ በ1994 በጨረታ 78,500 ፓውንድ ተሽጧል፤ በቴፑ ላይ ሌነን ከሚዘፍናቸው ሁለት ዘፈኖች አንዱ ዶኔጋን በዚያው በጋ ያስደመጠው «ፑቲን ኦን ዘ ስታይል» ነው።

አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ። ማካርትኒ በዚያ ቀን ለሌነን ችሎታውን ያሳየው በስኪፍል ሳይሆን በኤዲ ኮክራንና በሊትል ሪቻርድ የሮክ ዘፈኖች ነው። ስለዚህ የዉልተኑን ቀን የስኪፍል ድል አድርጎ ማቅረብ ግማሹን ታሪክ መደበቅ ይመስለኛል፤ ስኪፍል መድረኩን አዘጋጀ፣ ሁለቱን ልጆች ያግባባቸው ግን ሮክ ነው። ጆርጅ ሃሪሰን ዶኔጋን በ1956 ሊቨርፑል መጥቶ ሲዘፍን አይቶታል፤ ሪንጎ ስታርም ከበሮ መምታት የጀመረው በአንድ የስኪፍል ቡድን ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ከቢትልስ ውጭስ? ስማቸውን ብቻ ቢጠቅሱልን ይበቃል።

መልስ፦ ቫን ሞሪሰን በቤልፋስት፣ ግርሃም ናሽና አለን ክላርክ በሳልፎርድ፣ የቢ ጂስ ወንድማማቾች በማንቸስተር፣ ሮጀር ዳልትሪ በለንደን በስኪፍል ጀምረዋል፤ ዳልትሪ ጊታሩንም በእጁ የሠራ ነው። ዴቪድ ቦዊ በ1958 በስካውት ካምፕ የሻይ ሳጥን ቤዝ ተጫውቷል። ኋላ በሻዶውስ የታወቁት ሃንክ ማርቪንና ብሩስ ዌልችም ከኒውካስል ወደ ለንደን የመጡት ከስኪፍል ቡድናቸው ጋር ለውድድር ነው። ስም ብቻ ቢሉኝም ጂሚ ፔጅን በስም ብቻ አላልፈውም፤ የሌድ ዘፕሊኑ ጊታሪስት ገና ልጅ ሳለ ከስኪፍል ጓደኞቹ ጋር በቢቢሲ ቴሌቪዥን ቀርቦ ነበር፤ አቅራቢው ወደፊት ምን መሆን እንደሚፈልግ ሲጠይቀው በጨዋነት የሥነ ሕይወት ምርምር ሲል መልሷል። ፊልሙ ዛሬም አለ።

ከመድረኩ ኋላም አንድ ሰው መጠቀስ አለበት። ዘ ቫይፐርስ የተባለውን የስኪፍል ቡድን ለፓርሎፎን የሸክላ ኩባንያ ያስፈረመውና የቀረጸው ጆርጅ ማርቲን ነው፤ በ1962 ቢትልስን የተቀበለው ያው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ሮሊንግ ስቶንስ የብሉስ (የጥቁር አሜሪካውያን የትካዜ ዘፈን) ልጆች ናቸው እንጂ ከስኪፍል ጋር ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ይህ ከሁሉ ይበልጥ ችላ የተባለው መስመር ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ሲሪል ዴቪስና አሌክሲስ ኮርነር በለንደን ዋርዶር መንገድ፣ ራውንድ ሃውስ በተባለው መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ የስኪፍል ክለብ ነበራቸው። ክለቡ ይሞላ ነበር፤ ዴቪስ ግን ስኪፍል ሰለቸውና በ1957 ያን ገበያ ትተው በስፍራው የብሉስ ክለብ ከፈቱ። ክሪስ ባርበር በበኩሉ ሲስተር ሮዜታ ታርፕን፣ ሶኒ ቴሪንና ብራውኒ ማጊን፣ በ1958ም ማዲ ዋተርስን ከአሜሪካ እያስመጣ ከባንዱ ጋር በየከተማው አዞራቸው። ማዲ ዋተርስ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ መምጣቱ፣ ብሉስ ማለት የገበሬ አኩስቲክ ጊታር ነው ብለው ያመኑትን አንዳንድ አድማጮች አስደነገጠ፤ ኮርነርንና ዴቪስን ግን መንገድ አሳያቸው።

በ1962 መጀመሪያ ሁለቱ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ብሉስ ሲጀምሩ መድረክ የሰጣቸው ባርበር ነው፤ ያውም በራሱ ባንድ የእረፍት ሰዓት። እኔን ዘወትር የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ስኪፍልም ሪዝም ኤንድ ብሉስም ለንደን ውስጥ መድረክ ያገኙት ጃዝ ተጫዋቾች ቡና ሊጠጡ ሲወርዱ ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ኮርነርና ዴቪስ በኢሊንግ ክለብ ከፈቱ፤ ቻርሊ ዋትስ በባንዳቸው ከበሮ ይመታ ነበር፤ ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስ ከብራያን ጆንስ ጋር የተዋወቁትም እዚያ ነው። ሐምሌ ላይ ሮሊንግ ስቶንስ በሚል ስም ማርኪ ክለብ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወቱ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ነገሩ የተጋነነ አይመስልዎትም? ኤልቪስ፣ ቻክ ቤሪና ባዲ ሆሊ ባይኖሩ ስኪፍል ብቻውን የትም አይደርስም ነበር።

መልስ፦ በድምፁ ረገድ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ። የብሪታንያ ሮክ ምቱን፣ የጊታር አጨዋወቱንና የኤሌክትሪክ ድምፁን ያገኘው ከጠቀሷቸው ሰዎች ነው፤ ከስኪፍል የወሰደው ዜማም ጥቂት ነው። አንድ ትልቅ ጉድለትም ነበረበት፦ የስኪፍል ቡድኖች የራሳቸውን ዘፈን የመጻፍ ልማድ አልነበራቸውም፤ ሁሉም የሰው ዘፈን ነበር። የራስን ዘፈን መጻፍ ያስተማራቸው በአመዛኙ ባዲ ሆሊ ነው።

ነገር ግን ኤልቪስ ለሊቨርፑል ልጅ የሚታይ እንጂ የሚደረስበት አልነበረም። ስኪፍል ያወረሰው ቡድኑን ነው፦ ኖታ ማንበብ የማይችሉ አራት አምስት ጎረምሶች፣ የኦርኬስትራ መሪ ሳይኖራቸው፣ ጊታርን መሐል አድርገው ራሳቸው የሚዘፍኑበትን አደረጃጀት። በዚያ ላይ የብሔራዊ ውትድርናው ግዴታ ከጥቅምት 1939 ጀምሮ የተወለዱትን ስላልነካ፣ እነዚህ ቡድኖች አባሎቻቸው ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው አልተበተኑም፤ ሌነን የተወለደው በ1940 ነው። ዶኔጋን ባይኖር እነ ሌነን ኤልቪስን ያደምጡ ነበር እንጂ በ1957 መድረክ ላይ ይቆማሉ ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ ዘፈኖቹን የፈጠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ምን አገኙ?

መልስ፦ በጣም ጥቂት። «ሮክ አይላንድ ላይን» በ1934 አርካንሳስ ውስጥ ከእስረኞች የተቀረጸ ዘፈን ነው፤ ሌድ ቤሊ እዚያ ሰምቶት የራሱ አደረገው፤ እሱም በ1949 ስለሞተ የዶኔጋንን ዘመን አላየም። የኤልዛቤት ኮተን ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል። በልጅነቷ የደረሰችው «ፍሬይት ትሬን» በ1957 በቻስ ማክዴቪትና በናንሲ ዊስኪ ተዘፍኖ ሲገን በደራሲነት የተመዘገቡት ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ ስሟ የተመለሰው ከክርክር በኋላ ነው። ዶኔጋን ይህን ሙዚቃ ከልቡ ይወድ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ሎኒ የሚለውንም ስም የወሰደው ከብሉስ ጊታሪስቱ ከሎኒ ጆንሰን ነው። ፍቅሩ ግን የክፍያውን ሚዛን አላስተካከለም።

ጥያቄ፦ ስኪፍል ለምን ቶሎ ጠፋ? ለጀማሪስ ከየት እንዲጀምር ይመክራሉ?

መልስ፦ ልጆቹ ሦስቱን ኮርድ ከለመዱ በኋላ አራተኛውን ፈለጉ። የቢቢሲው «ሳተርደይ ስኪፍል ክለብ» በ1957 ተጀምሮ በቀጣዩ ዓመት ስኪፍል የሚለው ቃል ከስሙ ተቀንሶ «ሳተርደይ ክለብ» ብቻ ሆነ። ዶኔጋንም ወደ ቀልድ ዘፈን አዘነበለ፤ በ1960 ስለ ቆሻሻ ጠራጊ አባት የዘፈነው ቀልድ አንደኛ ወጣ፤ በእኔ ጆሮ ግን ከቀደሙት ሥራዎቹ ጋር አይወዳደርም።

ለማድመጥ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሌድ ቤሊን «ሮክ አይላንድ ላይን» ይስማ፤ ወዲያው የዶኔጋንን ያስከትል፤ ፍጥነቱ የት ላይ እንደሚጨምር ልብ ይበል። ከዚያ የቫይፐርስን ሥራዎች ይሞክር። በመጨረሻም ኳሪመን በ1958 ሊቨርፑል ውስጥ በከፈሉት ጥቂት ገንዘብ የቀረጹትንና በ1995 በቢትልስ «አንቶሎጂ 1» የወጣውን «ኢን ስፓይት ኦፍ ኦል ዘ ዴንጀር» ያድምጥ፤ የሻይ ሳጥኑ በዚያን ጊዜ ቀርቷል፣ ዘፈኑም የራሳቸው ነው።