ስሎዝ ሰነፍ ነው እንዴ? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ያ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚንቀራፈፈው ስሎዝ የሚባል እንስሳ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ከዞረ ወዲህ ኢንቦክሴ በሱ ጥያቄ ሞልቷል፣ እስቲ ያቅሜን ልመልስ።

«ልጄን ቀርፋፋ ነው ብለው ክላስ ውስጥ ስሎዝ እያሉ ይጠሩታል፣ ምን ልበላቸው?» (እናት፣ ከደሴ)

አብሽሪ እህቴ! እንስሳው ራሱ ስሙን ያገኘው ያለ ጥፋቱ ነው፣ በእንግሊዝኛ ስንፍና ማለት ነው፣ ከሰባቱ ዋና ዋና ኃጢአቶች አንዱ ማለት ነው እንግዲህ። ግን እኮ ምግቡ ባብዛኛው ቅጠል ነው፣ ቅጠል ደሞ ጉልበት የለውም፣ እሱንም ሆዱ ፈጭቶ እስኪጨርስ ሳምንታት ሊፈጅበት ይችላል፣ ስለዚህ ያቺኑ ያገኛትን ጉልበት ቆጥቦ ቆጥቦ ነው የሚኖረው። ደሞዙ ትንሽ የሆነ ሰው ወጪ ቢቀንስ ስስታም ይባላል እንዴ? ደሞ ቶሎ ቶሎ ስለማይንቀሳቀስ ንስሩም ጃጓሩም በቀላሉ አያየውም፣ ፀጉሩ ላይ አልጌ የሚባል ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ስለሚበቅል አረንጓዴ መስሎ ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል። ልጅሽን ግን አስተማሪውን አናግሪለት፣ ይሄ የባዮሎጂ ጉዳይ አይደለም።

«በቀን 20 ሰዓት ይተኛል የሚባለው እውነት ነው?» (ከኮምቦልቻ)

ተጋኗል። ሰው በሚያሳድገው ቦታ ወደ 16 ሰዓት ይተኛል ይባል ነበር፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ላይ ግን ፓናማ ጫካ ውስጥ ጥቂት ስሎዞች ጭንቅላታቸው ላይ መለኪያ ታስሮላቸው ሲታይ ከ10 ሰዓት በታች ሆኖ ተገኘ። እሁድ እሁድ ከዚህ በላይ የሚተኛ ጎረቤት አለኝ፣ ስም አልጠራም።

«አምጥተን ሐይቅ ዳር ብንለቀውስ?» (ከሐይቅ)

ወንድሜ ተወው በናትህ! አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው፣ ሙቀትና እርጥበት ያለው ጫካ። የሰውነቱን ሙቀት እንደኛ አስተካክሎ መያዝ ስለማይችል የናንተ ሌሊት ብርድ አይመቸውም። ዋና ግን ይችላል፣ መሬት ላይ ሲጎተት ያየው ሰው ውሃ ውስጥ ሲያየው አያምንም።

«ከዛፍ የሚወርደው ሽንት ቤት ለመሄድ ብቻ ነው አሉ?» (ከወልድያ)

ስሎዝ ባለ ሁለት ጣትና ባለ ሦስት ጣት አለው፤ ባለ ሦስት ጣቱ ባብዛኛው አዎ፣ በሳምንት አንዴ ገደማ፣ ለምን ዛፉ ላይ ሆኖ እንደማይጨርስ ተመራማሪዎቹም እስካሁን ይከራከራሉ፣ ምክንያቱም መሬት ላይ ሲሆን ለአውሬ ቀላል ነው።

«ባለ ሁለት ጣትና ባለ ሦስት ጣት ልዩነታቸው ምንድነው?» (ከመርሳ)

ጣቱ የሚቆጠረው የፊት እግሩ ላይ ነው፣ የኋላው የሁለቱም 3 ነው። ሌላው አንገታቸው ነው፤ ቀጭኔም አንተም የአንገት አጥንታችሁ 7 ነው፣ የባለ ሦስት ጣቱ ግን 8 ወይ 9 ይሆናል፣ ለዛ ነው ገላውን ሳያንቀሳቅስ ወደኋላው ዞሮ የሚያይህ።