ልጆቹ ክብደት ጨምረዋል፤ ግን በእኛ ጉብኝት ነው?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው አንድ ትንሽ ማኅበር ውስጥ ነው። በጎ ፈቃደኞቻችን ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ያላቸውን እናቶች በየሳምንቱ ቤታቸው ድረስ ሄደው ያያሉ። ነሐሴ ላይ በጣም የከሱትን ልጆች መርጠን ጀመርን። ጥር ላይ ስንመዝናቸው ሁሉም ማለት ይቻላል ጨምረዋል። ለጋሾቻችን ግን «የእናንተ ሥራ ውጤት ለመሆኑ ማስረጃችሁ ምንድን ነው?» አሉን። ምን እንበላቸው?
መ.፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ አይፈረድባቸውም፣ ልጄ። በአምስት ወር ውስጥ ኪሎ ያልጨመረ ሕፃን ቢኖር ነበር የሚያስደነግጠው! ክብደቱን ከዕድሜው ጋር አያይዛችሁ እዩት።

ደግሞ ወሮቹን ተመልከቺ። ነሐሴ ጎተራ የሚራቆትበት፣ ተቅማጥ የሚበረታበት ወር ነው፤ ፍልሰታም አለ። ጥር ላይ አዲስ እህል ገብቷል፣ ገናም አልፏል። ጎብኚ ደጁን ያልረገጠው ሕፃንም ያኔ ፊቱ ይመለሳል። በዚያ ላይ የመረጣችሁት የከሱትን ነው። ከመሃላቸው ያን ሰሞን ታሞ ብቻ የከሳ አይጠፋም፤ እሱ ማንም ባያየውም ያገግማል።

ስለዚህ ማወዳደሪያ ያስፈልጋችኋል። እንቢ ካሉት እናቶች ጋር እንዳታወዳድሩ ብቻ። በሯን የምትከፍትላችሁ እናት ቀድሞም ፋታና አጋዥ ያላት ልትሆን ትችላለች። የሚሻለው ዕጣ ነው። አቅማችሁ ለሁሉም አይበቃም አይደል? ማን ዘንድሮ፣ ማን ከርሞ እንደሚጀምር ዕጣ ጣሉ፤ የዘንድሮዎቹን ተራ ከሚጠብቁት ጋር ታወዳድራላችሁ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ለለመደ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አይከብድም። ከስድስት ወር በላይ ሆኖ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን ግን ዕጣ አይጠብቅም፤ በቀጥታ ጤና ጣቢያ!

ጃማይካ፣ ኪንግስተን ውስጥ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ተሠርቷል። የቀነጨሩ 129 ሕፃናት በዕጣ ተመደቡ። ለአንዳንዶቹ የጤና ረዳቶች በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ቤታቸው እየሄዱ፣ በእጅ በተሠሩ መጫወቻዎች እናትና ልጅን አጫወቱ። ሁለት ዓመት ቆየ። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ይህን ጨዋታ ካላገኙት በ25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው። ያለ ዕጣው ይህን ማን ያምን ነበር?

እንግሊዝ ደግሞ አሜሪካ ላይ ጥሩ ውጤት ያሳየ የነርሶች ጉብኝት በ1,645 ወጣት እናቶች ላይ ተፈተነ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ ሲወጣ በሕፃናቱ የልደት ክብደትም፣ በእናቶቹ ሲጋራ ማጨስም ለውጥ የለም። እንግሊዛዊቷ እናት እኮ ድሮም አዋላጅና ጎብኚ ነርስ ነበራት። እናንተ ቀበሌም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትዞራለች። እሷ ከምትሰጠው በላይ ምን ጨመራችሁ? የእኔም ጥያቄ ይኸው ነው።

የጉብኝት መዝገቡን ለብቻው አትመኑ። ለሱፐርቪዥን ስዞር የሦስት ወር ጉብኝት በአንድ እስክሪብቶ፣ ባንዴ ቁጭ ተብሎ ተሞልቶ አይቻለሁ። ሚዛኑንም ጎብኚዋ ራሷ አትያዘው፤ የደከመችበትን ልጅ ስትመዝን እጇ ሊያደላ ይችላል። ሌላ ሰው ይመዝን። መሃል ላይ ያቋረጡትንም እናቶች ቁጠሯቸው።

ለለጋሾቻችሁ አሁን «የጥር ወር ልኬት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በመጪው ነሐሴ በዕጣ እንጀምራለን» ብላችሁ ጻፉላቸው። ለመዛኞቹ አበልም በጀት ጠይቁበት።