መርዙ ይቅር፣ ውሃው ይቅደም

ጥያቄ፦ ሳቢያን ነው የምኖረው። አንዲት አንካሳ ውሻ አጥራችን ሥር ወልዳለች። ልጆች በድንጋይ ይመቷታል፤ ጎረቤቶች «በመርዝ እንገላገላት» ይላሉ። ቤቴ ማስገባት አልችልም። ምን ላድርግ?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ መርዙን ያስቁሙ። የተመረዘ ሥጋ ድመቱንም አሞራውንም ይገድላል። የእርሷንም ቦታ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይይዘዋል።

ቤት ማስገባት ግዴታ አይደለም። በድሬ ሙቀት ለምታጠባ ውሻ ውሃ ከምግብ ይቀድማል፤ ሰፊ ሳህን ጥላ ሥር ያኑሩላት። ቡችሎቹን ግን አይንኩ፤ የዋህ እናትም ትነክሳለች። እግሯን የእንስሳት ሐኪም ይይላት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ይስጣት። ወጪውን ጎረቤት ይካፈል። ለመርዝ ብር የማያጣ ሰው ለክትባት «የለኝም» ሲል አልሰማውም።

ልጆቹን አይቆጧቸው፤ ውሃ መሙላቱን ለእነርሱ ይስጧቸው፣ ከርቀት። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ባህላዊ መድኃኒት እየሞከሩ መቆየት ሕይወት ያስከፍላል።

ቡችሎቹ 8 ሳምንት ሲሞላቸው አሳዳጊ ይፈልጉላቸው። የመጋዘን ጥበቃዎችን ይጠይቁ፤ ሲሰጧቸውም በሦስት ወራቸው እንዲያስከትቧቸው ቃል ያስገቧቸው።