«አጭር ታሪክ» ወይስ «አጭር ልቦለድ»?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የአማርኛ መምህርት ነኝ። ለተማሪዎች የድርሰት ውድድር ማስታወቂያ ስናዘጋጅ ሳንስማማ ቀረን። አንዱ ባልደረባችን «የአጭር ታሪክ ውድድር» ይባል ይላል፤ እኔ «አጭር ልቦለድ» እላለሁ። አጻጻፉም ግራ ያጋባል፤ «ልብ ወለድ»፣ «ልብወለድ»፣ «ልበ ወለድ»፣ «ልቦለድ» ሁሉንም አይቻለሁ። የቱን እንያዝ? ሲበዛስ «አጫጭር ልቦለዶች» ነው ወይስ «አጭር ልቦለዶች»?

መልስ፦ «አጭር ታሪክ» የሚለውን ይተዉት። አማርኛ ተናጋሪ «አጭር ታሪክ» ሲባል ቀድሞ የሚመጣበት ቀብር ላይ የሚነበበው አጭር የሕይወት ታሪክ ነው፦ የት ተወለዱ፣ ምን ሠሩ፣ ስንት ልጅና የልጅ ልጅ አዩ። በእናንተ አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በቆረቆሯት ከተማ «ታሪክ ጻፍ» የተባለ ተማሪ ስለ አንኮበር ነገሥታት ወይም ምኒልክ ስለተወለዱባት አንጎለላ ጽፎ ቢያመጣ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የማስታወቂያው ነው።

የባልደረባዎን ክርክር ከሌሎችም ሰምቼዋለሁ፦ እንግሊዞች «አጭር ታሪክ» ብለው ስለሚጠሩት እኛም እንዲሁ እንበል የሚል ነው። ሌላው ሕዝብ ግን ከእንግሊዝ ፈቃድ አልጠየቀም። ጣሊያኖች «ኖቬላ» አሉት፤ ቃሉ ከ«አዲስ ነገር» የመጣ ነው። ሩስያውያን «ራስካዝ» ያሉት ከመተረክ ግስ አውጥተው ነው። እኛም የራሳችን ስም አለን፤ የተገኘውም በትርጉም አይደለም።

ስሙ የተገኘው ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ድርሰት፣ በርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይላል። ሦስቱን ቃላት ልብ ይበሉ። «ታሪክ» ከዐረብኛ የገባ ቃል ነው፤ መነሻ ትርጉሙ ጊዜን መቁጠር፣ ቀን መጻፍ ነው፤ የሥርወ ቃል ሊቃውንትም ከግዕዙ «ወርኅ» ጋር ያዛምዱታል። ታሪክ እንግዲህ ቀንና ወር ያለው ነገር ነው። አፈወርቅ ቀን የሌለውን፣ ከልብ የተወለደውን፣ ከዚህ ቃል ጋር አጣመረው። ቅጽሉ «ልብ ወለድ»፣ ስሙ «ታሪክ» ነበር። ከጊዜ ብዛት ስሙ ወደቀና ቅጽሉ ብቻውን ስም ሆነ፤ «ሞባይል ስልክ» «ሞባይል» ሆኖ እንደቀረው ማለት ነው። ባልደረባዎ በማስታወቂያው ላይ ሊያኖሩ የፈለጉት ቋንቋው ራሱ የጣለውን ቃል ነው፤ ሊጥሉ የፈለጉት ደግሞ ዋናውን።

«ልብ ወለድ» ማለት የስሜት ልጅ ነው እያሉ የሚያስተምሩም አሉ። አልቀበለውም። በግዕዝም በአማርኛም ልብ የማሰቢያ ቦታ ነው። «ልብ በል»፣ «ልብ ገዛ»፣ «ልቡና» ስንል የምንናገረው ስለ አእምሮ ነው። የእናንተው አገር ሰው፣ የመርሐቤቴው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ በምሳሌ የጻፉትን ትረካ «ወዳጄ ልቤ» ሲሉት ከልባቸው ጋር የሚመክር ሰው አስበው እንጂ ስለ ፍቅር ትኩሳት አልነበረም። ልብ ወለድ አሳብ የወለደው ነው።

ወደ አጻጻፉ ልምጣ። «ልበ ወለድ» ፈጽሞ ስሕተት ነው። «ልበ ሙሉ»፣ «ልበ ቅን»፣ «ልበ ደንዳና» ስንል ሁለተኛው ቃል ልቡን ይገልጻል፤ ልቡ ሙሉ የሆነ፣ ልቡ ቅን የሆነ ሰው ማለት ነው። በእኛ ቃል ግን ልብ ወላጅ ነው፤ የሚገለጸው ልጁ ነው። ስለዚህ ልብ በሳድሱ ይቆማል።

የሚያከራክረው «ልብ ወለድ» እና «ልቦለድ» ነው። «ልቦለድ» የመንገድ አማርኛ ነው የሚሉ ሰዎች የድምፅን ሕግ ዘንግተዋል። ሳድሱ «ብ» እና የመጀመሪያው ፊደል (ግዕዙ) «ወ» ሁለቱም የከንፈር ድምፆች ናቸው፤ ሲገናኙ ተዋሕደው «ቦ» ይሆናሉ። «ቈጠረ» «ቆጠረ»፣ «ጐንደር» «ጎንደር» የሆነውም የ«ወ» ድምፅ እንዲሁ ወደ «ኦ» ተለውጦ ነው። «ሞት» ውስጥ ያለው «ሞ» ራሱ በሥሩ ም‑ው‑ት ነው።

እኔ ግን «ልብ ወለድ» እወዳለሁ። ሁለቱ ቃላት ተለይተው ሲታዩ ወላጁም ልጁም ይታያሉ። ለወገኔ የሚሆን ማስረጃም አለኝ፦ የጤና ባለሙያዎች «ምግብ ወለድ በሽታ» ይላሉ። እዚያም ያው «ብ» ከያው «ወ» ጋር ተገናኝቷል፤ ሆኖም «ምግቦለድ» ብሎ የጻፈ አላየሁም። ድምፁ ብቻ አስገድዶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በተዋሐዱ። ልቦለድን ያዋሐደው የአፍ ብዛት ነው። ይህን ማስረጃ ስጽፍ ግን ራሴን እየረታሁ እንደሆነ ይገባኛል፤ ቃል በአፍ ብዛት ከተዋሐደ አንድ ቃል ሆኗል ማለት ነው። ድሮ በሁለት ነጥብ «ልብ፡ወለድ» ተብሎ ሲታተም ቃላቱ በነጥብ ተያይዘው ይታዩ ነበር፤ ሁለት ነጥቡ ቀርቶ ባዶ ቦታ ሲተካ ግን «ልብ» በመሥመር መጨረሻ፣ «ወለድ» በሚቀጥለው መሥመር መጀመሪያ ይወድቃል፤ አንባቢም የባንክ ወለድ ይመስለዋል። በኮምፒዩተር «ልቦለድ» ብሎ የሚፈልግ ሰውም «ልብ ወለድ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። «ልቦለዳዊ» ብሎ ማርባትም ይቀላል። እሺ፣ «ልቦለድ» ይጻፉ። «ልብወለድ» ግን አይዋጥልኝም፤ አልተለየም፣ አልተዋሐደም።

«አጭር» የሚለውን ደግሞ እንዳይጥሉ፤ «ልቦለድ» ብቻውን ሲሆን አንባቢ ረጅሙን ይረዳል። ማጠር እዚህ ላይ የገጽ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 የአገሩን ደራሲ የናትናኤል ሃውቶርንን ድርሰቶች ሲገመግም ያስቀመጠው መለኪያ በአንድ ቁጭታ የሚነበብ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት የሚወስድ፣ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ አስቀድሞ የታሰበ ስሜት ለመፍጠር የሚሠራበት ድርሰት የሚል ነው። በአማርኛ ይህን ቅርጽ ካቋቋሙት መካከል የታደሰ ሊበን «መስከረም» (1949 ዓ.ም.) ቀድሞ ይጠቀሳል። ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የአንድ ሰው ዕድሜ ሙሉ በሦስት ገጽ ይጨምቅና አጠረ ይላል። ያ የረጅም ልቦለድ ማጠቃለያ ነው። አጭር ልቦለድ አንዲትን ከሰዓት በኋላ ይዞ እዚያው ይቆያል።

ብዙውን በተመለከተ «አጫጭር ልቦለዶች» ልክ ነው፤ «ረጃጅም ዛፎች»፣ «ትልልቅ ቤቶች» እንደምንለው ነው። ቅጽሉ ሲደጋገም እያንዳንዱ አጭር መሆኑን ያሳያል። («አጭር» የግዕዙ «ሐጺር» ነው፤ «ጺ» በኢ ድምፅ ለስልሳ «ጭ» ሆነች፤ ግሱ «አጠረ» ግን ኢ ስለሌለው በ«ጠ» ቀረ።) መጽሐፍ ላይ ሲመጣ ግን «የአጭር ልቦለድ መድብል» ቢባል እመርጣለሁ። «የግጥም መድብል» እንላለን እንጂ «የግጥሞች መድብል» አንልም፤ ብዛቱን «መድብል» ራሱ ይሸከመዋል፤ የሚደብል፣ የሚያከማች ነውና። የመጻሕፍቱ ሽፋን ሁሉ ግን «የአጫጭር ልቦለዶች መድብል» ይላል፤ አሳታሚም አንባቢም ለምዶታል፤ እኔም አርሙልኝ ብዬ የምሟገትበት ጊዜ አልፏል።

የውድድሩ ስም ስለ ዓይነቱ እንጂ ስለ ብዛቱ ስላልሆነ በነጠላ ይሁን፦ «የአጭር ልቦለድ ውድድር»። ልኩን በገጽ ሳይሆን በቃል ይወስኑ፣ ለምሳሌ «ከ1500 ቃል ያልበለጠ» ብለው፤ የአንዱ ተማሪ የእጅ ጽሑፍ በአንድ ገጽ ከሌላው እጥፍ ይይዛል። ከሥር «ተረትና የሕይወት ታሪክ አንቀበልም» የሚል መሥመር ይጨምሩ፤ ካልጨመሩ ግማሹ «ተረት ተረት» ብሎ ጀምሮ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ይጨርስልዎታል።