ተራችሁን ለምትጠብቁ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ሥራ ከጀመራችሁ ጥቂት ዓመት የሆናችሁ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ታነሳላችሁ። «ከእኛ በፊት የገቡት ሰዎች እስኪለቁ እስከ መቼ ነው የምንጠብቀው?» ትላላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ለዚህ ጥያቄ መልስ የፈለግሁት ለብዙ ዓመታት ሳስተምረው ከኖርኩት ትምህርት፣ ከምክር ቤቶች አሠራር ነው። በተለይም ከአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ ማለትም ከሴኔቱ። ማን ከማን ይቀድማል የሚለውን ነገር እንደዚህ ቤት አክብሮ የያዘ ተቋም ብዙ አላውቅም። ስለዚህ ዛሬ ስለዚያ ቤት ላጫውታችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን የማስቀምጠው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሴኔቱ 100 አባላት አሉት፤ ከ50ዎቹ ክፍለ ግዛቶች ሁለት ሁለት ማለት ነው። አንድ ሴናተር የሚመረጠው ለ6 ዓመት ነው። ከአንድ ክፍለ ግዛት ከመጡት ሁለቱ ቀድሞ የገባው አንጋፋ፣ ሌላው ጁኒየር ይባላል። ዕድሜ እዚህ ቦታ የለውም። የሚቆጠረው አገልግሎት የተጀመረበት ቀን ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ከገቡስ? ለዚያም ሥርዓት አለው። ከዚህ ቀደም ሴናተር የነበረ ይቀድማል። ከዚያ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረ፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባል የነበረ፣ በካቢኔ ያገለገለ፣ አገረ ገዥ የነበረ እያለ ይወርዳል። ይህም ካልለያቸው የክፍለ ግዛታቸው ሕዝብ ብዛት ይታያል። በ2021 ጆን ኦሶፍና ራፋኤል ዋርኖክ ጆርጂያን ወክለው በአንድ ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሁለቱም ከዚያ በፊት ከእነዚህ ሥልጣኖች አንዱንም አልያዙም። ክፍለ ግዛታቸውም አንድ ነው። በመጨረሻ የለያቸው የቤተሰብ ስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ሆነ። በእንግሊዝኛው የፊደል ተራ የኦሶፍ ስም ስለሚቀድም አንጋፋው ሴናተር እርሳቸው ሆኑ።

የካሊፎርኒያውም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ዳያን ፌይንስታይንና ባርባራ ቦክሰር በኖቬምበር 1992 በአንድ ምርጫ አሸነፉ። ፌይንስታይን ያሸነፉት ሳይጠናቀቅ የቀረ የሌላ ሰው ዘመን ለመሙላት ስለነበር ሥራቸውን በዚያው ወር ጀመሩ። ቦክሰር ግን እስከ ጃንዋሪ መጠበቅ ነበረባቸው። በዚህች የሁለት ወር ልዩነት የተነሳ ቦክሰር 24 ዓመት ሙሉ፣ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2017 ድረስ፣ ጁኒየር ሴናተር ሆነው ቆዩ።

ይህን የምነግራችሁ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ የሌላውን መቅደም የእናንተ ማነስ አድርጋችሁ ትወስዱታላችሁ። እባካችሁ አትውሰዱት። ቦክሰር ከፌይንስታይን ያንሱ ነበር የሚል ማስረጃ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። ዝርዝሩ የሚናገረው የገቡበትን ቀን ብቻ ነው።

ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ የማነሳው ሰው ግን ኧርነስት ሆሊንግስ ናቸው፤ የሳውዝ ካሮላይናው ሴናተር። በ1966 ገቡ። በዚያ ክፍለ ግዛት ከእርሳቸው የቀደሙት ስትሮም ተርመንድ ነበሩ። ተርመንድ መቶ ዓመት ሞልቷቸው በ2003 መጀመሪያ ላይ እስኪለቁ ድረስ ሆሊንግስ 36 ዓመት ጁኒየር ሆነው ኖሩ። አንጋፋ የተባሉት ለመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ብቻ ነው። ታዲያ እኚህ ሰው በእነዚያ 36 ዓመታት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ? በፍጹም። የበጀት ኮሚቴውን መርተዋል። የንግድ ኮሚቴውን ለዓመታት በሰብሳቢነት መርተዋል። በ1985 የወጣው የበጀት ጉድለት መቀነሻ ሕግ ከሌሎች ሁለት ሴናተሮች ስም ጋር የእርሳቸውን ስም ይዞ ነው የሚጠራው። በክፍለ ግዛታቸው ወረፋ ሁለተኛ ነበሩ። በኮሚቴው ወረፋ ግን ፊት ላይ ነበሩ። እናንተም የቆማችሁበት ወረፋ አንድ ብቻ አለመሆኑን እዩ። አለቃችሁ አይለቅ ይሆናል። በሙያችሁ፣ በጥናታችሁ፣ በሌላው ኃላፊነታችሁ ያለው ተራ ግን በራሱ መንገድ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንጋፋነት በሴኔቱ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ነው። የተሻለ ቢሮ የሚመርጠው ቀድሞ የገባው ነው። አዲስ ሴናተሮች ተራው እስኪደርሳቸው በጊዜያዊ ቢሮ ወራት ሊያሳልፉ ይችላሉ። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ምክትል ፕሬዚዳንቱ በሌሉበት ቤቱን የሚመራው ሰው፣ ማለትም የቤቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት፣ ከአብላጫው ፓርቲ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው እንዲሆን ተለምዷል። እርሱም በፕሬዚዳንትነት ተተኪዎች ዝርዝር ሦስተኛው ነው። ትልቁ ጥቅም ግን የኮሚቴ ሰብሳቢነት ነው። አንድ የሕግ ረቂቅ የሚኖረውም የሚሞተውም ብዙውን ጊዜ ኮሚቴ ውስጥ ነው።

ይህ ልማድ የጠነከረው ከ1846 ወዲህ፣ ፓርቲዎች የኮሚቴ አባላትን ዝርዝር ራሳቸው ማዘጋጀት ሲጀምሩ ነው። ጥቅሙን አቃልላችሁ አትዩት። ወረፋ ካለ በየጊዜው ለወንበር መናከስ አይኖርም። ከዚህም በላይ ሰብሳቢው ወንበሩን ያገኘው ከማንም ችሮታ ስላልሆነ ኅሊናው ያለውን መናገር ይችላል። ይህ ጥበቃ ሲነሳ ምን እንደሚሆን ቻርልስ ሰምነር አይተውታል። ባርነትን በመቃወም ስማቸው የገነነ ሰው ናቸው። ከ1861 ጀምሮ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴውን ይመሩ ነበር። ፕሬዚዳንት ግራንት ሳንቶ ዶሚንጎን፣ የዛሬዋን ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ወደ አሜሪካ ለመጠቅለል ያወጡትን ዕቅድ አጥብቀው ተቃወሙ። በ1871 የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ከሰብሳቢነቱ አነሷቸው። በ1995 ደግሞ የኦሪገኑ ማርክ ሃትፊልድ ከፓርቲያቸው ተነጥለው የመንግሥት ወጪ ከገቢው እንዳይበልጥ የሚያስገድደውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተቃወሙ፤ ማሻሻያው በአንድ ድምፅ ወደቀ። ወጣት የፓርቲ ጓደኞቻቸው የመንግሥትን ወጪ ከሚመድበው ከአፕሮፕሪዬሽን ኮሚቴ ሰብሳቢነት ይነሱ ብለው ተነሱ። አልተሳካላቸውም፤ ሃትፊልድ ወንበራቸው ላይ ቆዩ። እኔ በግሌ ከሁለቱ ታሪኮች የሁለተኛውን ቤት እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ ብቆም ግን ግማሹን እውነት ደብቄያችሁ እሄዳለሁ።

ጄምስ ኢስትላንድ የሚሲሲፒ ሴናተር ነበሩ። ከ1956 እስከ 1978 የፍትሕ ኮሚቴውን መሩ። የዘር እኩልነትን ክፉኛ ይቃወሙ ነበር። የሲቪል መብት ረቂቆች እርሳቸው ኮሚቴ ሲደርሱ ወጥተው አይታዩም። ወንበሩን እንዴት አገኙት ብትሉ፣ በወረፋ ነው። ማንንም አልገፉም። ደንቡ ያለው ሁሉ ተከብሯል። እንግዲህ ወረፋው እንዴት እንደተሠራ ተመልከቱ። ያኔ በደቡቡ አንድ ፓርቲ ብቻ ያሸንፋል፤ የተመረጠ ሰው ደጋግሞ ይመረጣል፤ ዓመታት ይጠራቀማሉ፤ ሰብሳቢነት ይመጣል። ጥቁር አሜሪካውያን ደግሞ በማንበብና መጻፍ ፈተና፣ ለመምረጥ በሚከፈል ግብር እና በማስፈራራት ከምርጫው እንዲርቁ ተደርገዋል። እስከ 1964 ድረስ በሚሲሲፒ ለመምረጥ ከደረሱት ጥቁሮች ውስጥ የተመዘገቡት ከመቶ 7 እንኳ አይሞሉም ነበር። ከውስጥ ሲታይ ሰልፉ ቀጥ ያለ ነው። በሩ ላይ ግን ሰው ታግዷል።

ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ገብታችሁ «እዚህ ሁሉም በተራው ነው» ስትባሉ ደስ ይበላችሁ፤ ግን በዚያው ልክ ጠይቁ። ወደ ሰልፉ ለመግባት እንኳ ያልተፈቀደለት ማነው? ይህን መጠየቅ አንጋፋን መድፈር አይደለም። በቤቱ ውስጥ ገና አዲስ ዓይን ያላችሁ እናንተ ስለሆናችሁ፣ ቶሎ የሚታየውም ለእናንተ ነው።

በ1964 የሲቪል መብት ረቂቁ ከተወካዮች ምክር ቤት ሲመጣ የአብላጫው መሪ ማይክ ማንስፊልድ ወደ ኢስትላንድ ኮሚቴ አልላኩትም። በቀጥታ ቤቱ ፊት እንዲቀርብ አደረጉት። ረጅም ትግል ከተካሄደ በኋላ በ73 ድምፅ አለፈ፤ የተቃወሙት 27 ናቸው። ማንስፊልድ ደንብ አልጣሱም። ደንቡ ውስጥ ያለውን ሌላ በር ያውቁት ነበር፤ እርሱን ከፈቱ።

ደንብ ማወቅ ካልሁ፣ ስለ ሮበርት ቢርድም ላንሳ። ከ1959 እስከ 2010 በሴኔቱ ያገለገሉ፣ በዚያ ቤት ታሪክ ረጅሙን ዘመን የያዙ ሰው ናቸው። በ1964ቱ ረቂቅ ላይ ከ14 ሰዓት በላይ ተናግረው ለማክሸፍ ሞክረዋል፤ ኋላ በግልጽ ተጸጽተውበታል። ይህን ሳልጠቅስ ማመስገን አልችልም። ግን ወጣት ሴናተር ሳሉ የሠሩትን ሥራ ብታጠኑት ይጠቅማችኋል። ሌላው የሚሰለቸውን ያዙ። የቤቱን ደንብ ጠንቅቀው አጠኑ። የፓርቲው ቡድን ጸሐፊ ሲሆኑ ስብሰባው ላይ ይቀመጣሉ፣ መርሐ ግብር ያስተካክላሉ፣ የባልደረቦቻቸውን ጥቃቅን ጉዳይ ይጨርሳሉ። የፓርቲ መሪነት በወረፋ አይገኝም፤ በድምፅ ነው። በ1971 ለምክትል መሪነት ቦታ ከፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ወንድም ከኤድዋርድ ኬኔዲ ጋር ተወዳደሩ። ያ ስም ያኔ ምን ያህል ከባድ እንደነበር አስቡት። ቢርድ 31 ለ24 አሸነፉ።

ዛሬም በሴኔቱ ስብሰባውን በየዕለቱ የሚመሩት በአብዛኛው የአብላጫው ፓርቲ አዳዲስ አባላት ናቸው። አዳራሹ ባዶ ሆኖ አንድ ሰው ብቻ ሲናገርም እነርሱ ከወንበሩ አይነሱም። 100 ሰዓት ለመራ ሰው ወርቃማ መዶሻ የሚባል ሽልማት ይሰጠዋል። አሰልቺ ነው፤ ግን ደንቡ ወደ ደም የሚገባው እዚያ ነው። የቃለ ጉባኤ ሥራ ሲሰጣችሁ አትሽሹ። ፋይል አደራጁ ስትባሉ አደራጁ፤ እያደራጃችሁም አንብቡት።

ስለ መልቀቅ አጠር አድርጌ ልናገር። በ2023 የቤቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንትነት በልማዱ የሚደርሳቸው ፌይንስታይን ነበሩ። አልፈልግም አሉ። ቦታው ፓቲ መሬይ ወደተባሉ ሴናተር አለፈ፤ መሬይም በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ተራ ሲደርስ ማሳለፍም ይቻላል። ሪፐብሊካኖቹም በ1995 አንድ ሰብሳቢ በአንድ ኮሚቴ ከ6 ዓመት በላይ እንዳይቆይ ወስነዋል። ጥሩ ውሳኔ ይመስለኛል። ወረፋው ይቀራል፤ ግን ይንቀሳቀሳል።

የመጨረሻው ለነገዎቹ አለቆች ነው፤ አንዳንዶቻችሁ ሳታስቡት በቅርቡ ትሆናላችሁ። ሊንደን ጆንሰን ሴኔት ከገቡ ገና በአራተኛው ዓመት፣ በ1953፣ የፓርቲያቸው መሪ ሆኑ። ወዲያው አንድ ልማድ ቀየሩ። ከዚያ በፊት ጥሩ ጥሩውን ኮሚቴ አንጋፋዎቹ ይጠቀልሉት ነበር። ጆንሰን ግን አንድም አንጋፋ ሁለተኛ ጥሩ ቦታ ሳይዝ በፊት እያንዳንዱ አዲስ ሰው አንድ ጥሩ ቦታ ያግኝ አሉ። የአንጋፋዎቹን ወንበር አልቀሙም፤ ትርፉን ብቻ ነው ያካፈሉት። በዚያው ዓመት የገባ አንድ የሞንታና አዲስ ሴናተር የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ውስጥ ተመደበ። ያ አዲስ ሰው ማይክ ማንስፊልድ ነበሩ። አንድ ክፍል ወይም አንድ ቡድን እንድትመሩ በተሰጣችሁ ቀን፣ ሁለትና ሦስት ቁም ነገር ያለው ሥራ ደራርቦ የያዘ ሰው ካለ አንዱን ውሰዱና ባለፈው ወር ለገባው ልጅ ስጡት። ቢሳሳትም አጠገቡ ሆናችሁ አሳዩት እንጂ መልሳችሁ አትንጠቁት።